ከመከራ ዓመት በኋላ

ተማሪዎች ሆይ፥ ከሰሜን ተራሮች ማዶ፥ ተከዜን ተሻግሮ፥ ሽሬ ይገኛል። በጎጃም ቅኔ የተማሩት ሐዲስ ዓለማየሁ በ1928 ዓ.ም. ከራስ እምሩ ጦር ጋር ወደዚያ ዘመቱ። በ1929 ዓ.ም. ግን ተማርከው ወደ ኢጣልያ ተጋዙ፤ በግዞትም 6 ዓመት ያህል ኖሩ። ያን ጊዜ ያያቸው ሰው፥ «የእኒህ ሰው ነገር አለቀ» ባለ ነበር። እግዚአብሔር ግን ለአገራቸው አበቃቸው። በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር» የተባለውን መጽሐፍ አሳተሙ፤ በበዛብህና በሰብለ ወንጌል ፍቅርም በትውልድ መመካት ሰውን እንዴት እንደሚጎዳ አሳዩ።

እንግዲህ መከራ ባገኛችሁ ጊዜ የአንዱን ዓመት ጉዳት የዕድሜያችሁ ሁሉ ፍርድ አታድርጉት። ገብሱን ውርጭ የመታበት የደጋ ገበሬም ሞፈሩን አይሰብርም፤ ለከርሞ ያርሳል እንጂ።