ድባቴን «በራሴ እወጣዋለሁ» ብለው ከመወሰንዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

መጀመሪያ ቀኑን ይቁጠሩ። ሐኪሞች ድባቴ የሚሉት ቢያንስ ለ2 ሳምንት፣ በየቀኑ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ፣ አብዛኛውን ቀን የዘለቀ መከፋትን ወይም የነገር ሁሉ ማስጠላትን ነው። እንቅልፍ፣ ምግብ፣ ጉልበትና ሐሳብ መሰብሰብም አብረው ይዛባሉ። እኛ ዘንድ ብዙ ሰው «ከፍቶኛል» አይልም፤ «ራሴን ያቃጥለኛል»፣ «ሰውነቴን ይከብደኛል» ነው የሚለው። በዚህ ምክንያት የራስ ምታትና የጨጓራ መድኃኒት ሲለዋወጥ ወራት ያልፋሉ።

ሞትን እየተመኙ ወይም ራስዎን ስለመጉዳት እያሰቡ ከሆነ የሚከተለው ሁሉ ይቆይ። አሁኑኑ ለሚያምኑት ሰው ይንገሩ፤ አብሮዎት ድንገተኛ ክፍል ይሂድ። ቤት ያለውን የአይጥ መርዝ፣ የተባይ መድኃኒትና የተጠራቀመ ክኒን ሌላ ሰው ይውሰደው። ክፉው ሰዓት እስኪያልፍ ይህ ብቻውን ሕይወት ሊያተርፍ ይችላል።

ድባቴው ከወሊድ በኋላ የመጣ ከሆነም አይጠብቁ፣ ባለሙያ ያማክሩ። ደም ማነስና የእንቅርት ዕጢ ሕመም ድባቴ መስለው ሊመጡ ስለሚችሉ የደም ምርመራም ይጠይቁ።

ቀለል ላለ ድባቴና ለዕለት ጭንቀት የኑሮ ልማድ በእርግጥ ይረዳል። እንቅልፍን ማዘዝ አይቻልም፤ ከአልጋ የሚወርዱበትን ሰዓት ግን ይቻላል። ሌሊቱ ቢከፋም ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት ይነሱ፣ ፀሐይ ይሙቁ። ቡና ይተው አልልም፤ ጎረቤት የሚያሰባስብ ነገር ለከፋው ሰው ትልቅ ሀብት ነው። ነገር ግን ምሽት 12 ሰዓት ከጠጡት ቡና የካፌይኑ ግማሽ ያህል 5 ሰዓት ላይም ከሰውነትዎ አልወጣም። ማፍላቱን ወደ ጠዋት ያምጡት። ጫት የሚቅሙ ከሆነ ደግሞ ምርቃናው ሲለቅ የሚመጣውን ድብርት፣ እሱን ለመስበር የሚጠጣውን ጨብሲ፣ በማግስቱ የሚብሰውን መከፋት አንድ ላይ ይዩዋቸው። እነዚህን ሳይነኩ ስለ ሌላ ልማድ ማውራት ትርፉ ድካም ነው።

ከሁሉ በላይ «ደስ ሲለኝ እወጣለሁ» አይበሉ። ድባቴ ቀድሞ የሚነጥቀው ይህንኑ ፍላጎት ነው፤ ስለዚህ እግር ይቅደም፣ ስሜቱ በኋላ ይደርሳል። ሥራውን ያሳንሱት። ቤት ማጽዳት ካቃተ አንድ ሲኒ ይጠቡ። ሱቅ ድረስ ሄደው ይመለሱ፣ ነገ አንድ መታጠፊያ ይጨምሩ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ከአልጋ መውረድ ላቃተው ሰው ግን ያን ቁጥር በመጀመሪያው ሳምንት መስጠት ጭካኔ ይመስለኛል።

መድኃኒት የጀመሩ ከሆነ ጸበልም ሲሄዱ ክኒንዎን ይዘው ይሂዱ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። የድባቴ መድኃኒት ለውጡ እስኪታይ ሳምንታት ይፈጃል። «አልሠራልኝም» ወይም «ድኛለሁ» ብሎ በራስ ማቋረጥ ሕመሙ እንዲያገረሽ ሊያደርግ ይችላል። ማቆም የሚገባው ከሐኪም ጋር፣ ቀስ በቀስ ነው።

ይህን አይተው በራስዎ ለመሞከር ከወሰኑ ቀን ይቁረጡለት፤ 2 ሳምንት ይበቃል። ቀኑን ለእህትዎ ወይም ለባልንጀራዎ ነግረው እንዲጠይቁዎ አደራ ይበሉ። ለውጥ ከሌለ፣ «አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ገባ» መባልን ፈርተው አይዘግዩ፤ ከሰፈርዎ ጤና ጣቢያ መጀመር ይችላሉ። መቼ እንደጀመረዎ፣ እንቅልፍዎ እንዴት እንደሆነና የሚወስዱትን መድኃኒት ጽፈው ይያዙ።