ጉናን ለመውጣት፣ እቅዱ ከከፍታው ይጀምር

ከወረታ ተነስቶ በደብረ ታቦር በኩል ወደ ጋይንት የሚጓዝ ሰው የጉናን ተራራ ሳያየው አያልፍም። ክምር ድንጋይ አካባቢ ሲደርስ ተራራው ከአስፋልቱ ብዙም የራቀ ስለማይመስል፣ ወጣቶች «አንድ ቅዳሜ ወጥተን እንደር» ይባባላሉ። ምክክሩም ወዲያው ወደ ዕቃ ይዞራል፦ ድንኳን ማን አለው? ምግብ ማን ይያዝ? ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው። ቀድሞ መመለስ ያለበት ግን ሌላ ነው፦ የምናድረው ስንት ሜትር ላይ ነው? ይህ ከታወቀ ልብሱም፣ ስንቁም፣ ወሩም፣ የመነሻ ሰዓቱም በዚያው ይወሰናል።

ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,700 ሜትር ላይ ትገኛለች፤ የጉና ጫፍ ከ4,100 ሜትር ይበልጣል። እዚያ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን ባሕር ጠለል ላይ ከሚገኘው 60 በመቶ ገደማ ነው። ከተማ ውስጥ ዳገት የማይበግረው ጎረምሳ ጉና ላይ በየጥቂት እርምጃው ቆሞ ቢያለከልክ ጉልበት አንሶት አይደለም፤ ሰውነት ስስ አየርን ለመልመድ ጊዜ ይፈልጋል። ትክክለኛው እርምጃ ከጎን ካለ ሰው ጋር እያወሩ መሄድ የሚያስችለው ነው። ደብረ ታቦር የኖረ ሰው ግማሹን ልምምድ ጨርሷል። 1,800 ሜትር ላይ ካለችው ባሕር ዳር የመጣ እንግዳ ግን ከመውጣቱ በፊት ቢያንስ አንድ ሌሊት ደብረ ታቦር ቢያድር ይሻለዋል።

ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞርና እንቅልፍ ማጣት የከፍታ ሕመም ምልክቶች ናቸው። እነዚህ የታዩበት ሰው ከዚያ በላይ አይውጣ፤ ካልተሻለው ይውረድ። ከተንገዳገደ፣ ንግግሩ ከተዘበራረቀ ወይም ተቀምጦም ትንፋሽ ካጠረው፣ ሌሊትም ቢሆን ከሰው ጋር ወዲያውኑ መውረድና ወደ ሕክምና መሄድ አለበት። ለዚህ ሕመም ከመውረድ የሚቀድም መድኃኒት የለም።

ሁለተኛው ነገር ብርዱ ነው። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ይቀንሳል። ደብረ ታቦር 8 ዲግሪ ሆኖ ባደረበት ሌሊት የጉና ጫፍ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ስለዚህ ድንኳኑ ከጫፉ ዝቅ ብሎ፣ ነፋስ በማያገኘው ቦታ ይተከል። ጋቢ ጥሩ የሌሊት ልብስ ነው፤ ነገር ግን ጥጥ ውሃ ይመጥጣል፣ የራሰ ጋቢም ይከብዳል እንጂ አያሞቅም። በላስቲክ ተጠቅልሎ ለማታ ይቀመጥ። ለመንገዱ የሱፍ ሹራብና ዝናብ የማያስገባ ጃኬት ይበጃል። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ከሥር የሚነጠፈውን ነው። ሌሊቱን የሚያንቀጠቅጠው ብርድ ከመሬት ስለሚመጣ፣ ከስሊፒንግ ባጉ ወይም ከብርድ ልብሱ ሥር ስፖንጅ የግድ ያስፈልጋል።

ወሩንም መምረጥ ይገባል። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናብ፣ ጭጋግና ጭቃ ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ምንጮችም ውሃ አላቸው፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ግን ይበረታል። ከየካቲት በኋላ ምንጩ ይሳሳል፣ ሣሩም ይደርቃል። በየትኛውም ወር ደመና የሚጠራቀመው አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው። ከጅብራ በቀር ከፍ ያለ ነገር በሌለበት ገላጣ ላይ ደግሞ መብረቅ ሰውን ያገኛል። ጧት 12 ሰዓት መነሳት፣ ቀኑ 6 ሰዓት ሲሆን ጫፍ ባይደረስም መመለስ ጥሩ ደንብ ነው።

ከፍታው ድስቱ ውስጥም ይገባል። ውሃ ደብረ ታቦር ላይ በ91 ዲግሪ ገደማ ሲፈላ፣ ጉና ጫፍ ላይ በ86 ገደማ ይፈላል። ድስቱ እየተንተከተከ ባቄላው ወይም ክኩ ሳይበስል የሚውለው ለዚህ ነው። ስንቁ ብዙ ማብሰል የማይፈልግ ይሁን፦ በሶ፣ ቆሎ፣ ጭኮ፣ ድርቆሽ፤ ለማታ ደግሞ ሽሮ። የሚጠጣ የምንጭ ውሃ ከፈላ በኋላ ለ3 ደቂቃ ይንተክተክ።

ለማብሰያ ትንሽ የጋዝ ምድጃ መያዝ ይገባል እንጂ አስታ መቁረጥ ነውር ነው። በዚያ ብርድ ተክል የሚያድገው በዝግታ ነው፤ ለአንድ ማታ የነደደውን ለመተካት ዓመታት ይፈጃል። በደረቅ ወራት እሳት ምን እንደሚያደርግ በ2011 ዓ.ም. የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጓሳና አስታ ሲቃጠል ታይቷል፤ እሳቱን ለማጥፋት ከውጭ አገር ጭምር እርዳታ መጥቶ ነበር። ከጉና የሚነሱት ርብና ጉማራም የፎገራን ሜዳ አጠጥተው ጣና ይገባሉ። ስለዚህ መጸዳጃ ከምንጭና ከወራጅ ውሃ ቢያንስ 60 ሜትር ይራቅ፣ ቆሻሻም ተሰብስቦ ይውረድ።

ተራራው ባለቤት አለው። ዙሪያውን የፋርጣ፣ የእስቴና የላይ ጋይንት ገበሬዎች ያርሱበታል፣ ከብት ያሰማሩበታል። ለወረዳው አስቀድሞ ማሳወቅ፣ የአካባቢውን ሰው መንገድ መሪ አድርጎ ተገቢውን ክፍያ መክፈል ከእቅዱ የማይለይ ሥራ ነው። የአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ግጭት ውስጥ ስለገባ፣ የጸጥታውን ሁኔታ በጉዞው ሳምንት ከአካባቢው ሰው ማጣራት ያስፈልጋል። መንገዱ ሰላም ካልሆነ ጉዞው ይቅር።

ጉና ላይ ይህን የተማረ ቡድን ለስሜን ተራሮች ዝግጁ ነው። በ1978 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የተመዘገበው ይህ ፓርክ ጽሕፈት ቤቱ ደባርቅ ነው፤ የመግቢያ ክፍያው፣ አጃቢ ስካውቱና በቅሎው የሚያልቁት እዚያ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ የማደሪያው ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ አይጨምር ይባላል። የተለመደው መንገድም ይህንኑ ይከተላል፦ ደባርቅ 2,850፣ ሳንቃበር 3,250፣ ግጭ 3,600፣ ጨነቅ 3,620። ከጨነቅ 4,430 ሜትር ወደሚደርሰው ቧሂት ወጥቶ መመለስ የሚቀለው ሰውነት በየማደሪያው ስለለመደ ነው። በመኪና በአንድ ቀን ጨነቅ የደረሰ ሰው ይህን ዕድል አያገኝም።

በመጨረሻም እቅዱ በወረቀት ይጻፍ፦ በየት እንደሚኬድ፣ የት እንደሚታደር፣ በስንት ሰዓት እንደሚመለሱ፣ «እንመለስ» የሚለው ማን እንደሆነ። አንዱ ቅጂ ቤት ለሚቀር ሰው ይሰጥ። እሱም በተባለው ሰዓት ካልተመለሱ ማንን እንደሚጠራ አስቀድሞ ይወቅ።