ጨረቃ፣ ነፋስና የባሕረ ሰላጤው ውሃ

በሰናይያ ጋራዦችና መጋዘኖች መካከል ለሚኖር ወገናችን ባሕር የሩቅ ነገር ሊመስለው ይችላል። ከአል ዐይን ሰናይያ እስከ አቡ ዳቢ ጠረፍ 150 ኪሎ ሜትር ያህል አሸዋ አለና። ይሁን እንጂ በአል ዐይን ከቧንቧ የምንቀዳው ውሃ፣ በፉጃይራ ጠረፍ ጨዉ ተለይቶ ተራራ አቋርጦ የሚመጣ የባሕር ውሃ አለበት። በዓል ሲሆን ደግሞ ብዙው ሰው አውቶቡስ ተሳፍሮ ወደ ባሕሩ ይወርዳል። ብዙዎቻችን ከደጋ የመጣን ነን፤ ዋና የምንችለውም ጥቂቶች ነን። ስለሆነም የባሕርን ጠባይ ማጥናት የጂኦግራፊ ተማሪ ሥራ ብቻ ነው የሚለውን አስተያየት አንቀበለውም።

በመጀመሪያ ከውሃው ሥር ያለውን መሬት እንመልከት። ባሕረ ሰላጤው ሰፊ እንጂ ጥልቅ አይደለም። የዓለም ውቅያኖሶች አማካይ ጥልቀት 3,700 ሜትር ገደማ ሲሆን የዚህ ግን 35 ሜትር ያህል ነው። የዛሬ 20,000 ዓመት ግድም፣ እጅግ ብዙ ውሃ በየብስ ላይ በበረዶ መልክ ታስሮ ሳለ፣ የውቅያኖሶች ከፍታ ከዛሬው በ 120 ሜትር ያህል ዝቅ ያለ ነበር። በዚያን ጊዜ ዛሬ ነዳጅ ጫኝ መርከቦች የሚመላለሱበት ሥፍራ ወንዝ የሚያቋርጠው የብስ ነበር።

ይህ ገበታ መሰል ባሕር ወደ ውቅያኖስ የሚወጣበት በር አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም የሆርሙዝ ሰርጥ ነው። ፀሐይ በየዓመቱ ከ 1 ሜትር የሚበልጥ ውሃ ታተንበታለች፤ ዝናቡና ወንዙ ይህን አይተኩም። ስለዚህ ጨዉ ያነሰው የውቅያኖስ ውሃ በሰርጡ በላይ በላዩ ይገባና የኢራንን ጠረፍ ይዞ ይጓዛል። በኤምሬቶች በኩል ባለው ጥልቀት በሌለው ሥፍራ ሲደርስ ይተንናል፣ ጨዉ ይበዛበታል፣ ይከብዳል፤ ከብዶም በሥር በኩል በዚያው በር ይወጣል። በውቅያኖስ አንድ ኪሎ ውሃ 35 ግራም ያህል ጨው ሲይዝ እዚህ ከ 40 ያልፋል። ይህ ጅረት ግን ዝግተኛ ነውና ዋናተኛን አይወስድም።

የሚወስደው የመሙላትና የመጉደል ጅረት ነው። ዐረቦቹ መድና ጀዝር ይሉታል። ጣና ዳር ያደገ ሰው ሞገድን ያውቃል፤ ይህን ግን አያውቀውም፣ ሐይቁ ትንሽ ስለሆነ አይታይበትምና። ጨረቃ በበኩሏ ያለውን ውሃ አጥብቃ፣ ከምድር ማዶ ያለውን ደግሞ አላልታ ስለምትስብ ውሃው በሁለቱም ወገን ያብጣል። በአቡ ዳቢ ባሕሩ በ 12 ሰዓት ከ 25 ደቂቃ ግድም አንድ ጊዜ ሞልቶ ይጎድላል፤ በማግሥቱ 50 ደቂቃ ያህል ይዘገያል። ጨረቃ ስትወለድና ሙሉ ስትሆን ፀሐይም ታግዛታለችና ሙላቱ ይበረታል።

እዚህ ላይ የሂጅራው አቆጣጠር ይጠቅመናል፤ በጨረቃ ይሄዳልና። ወሩ በገባ በመጀመሪያዎቹ ቀናትና በ 15ኛው ግድም ኃይለኛው ሙላት ይጠበቃል፤ በ 8ኛውና በ 23ኛው ግድም ይለዝባል። ኢድ አልፈጥር ሸዋል 1 ቀን ይውላል። እንግዲህ ሰናይያ ተዘግቶ ሕዝቡ ወደ ባሕር የሚወርድበት በዓል፣ ውሃው ከወሩ ሁሉ በርትቶ ከሚመላለስባቸው ቀናት ጋር ይገጥማል ማለት ነው! ዐረፋ በ 10ኛው ቀን ስለሚውል በዚህ ረገድ ይሻላል። በደሴቶቹ መካከል ባሉት ኾሮች ውሃው በጠባብ መንገድ ስለሚያልፍ ይፈጥናል፤ እጅግ የሚፈጥነውም ሞልቶ ወይም ጎድሎ በቆመበት ሰዓት ሳይሆን በመካከሉ ነው። በማሽን የተቆፈረ የመርከብ መንገድ ባለበት ደግሞ ከጉልበት የማያልፈው ውሃ በአንድ እርምጃ ሰው ያሰጥማል።

ሞገድ የነፋስ ሥራ ነው። በተለይ ሸማል የተባለው የሰሜን ምዕራብ ነፋስ ያነሣዋል። በጥልቁ የሚጓዘው ኃይሉ እንጂ ውሃው አይደለም፤ ጠረፍ ሲደርስ ግን ይሰበርና ውሃውን ወደ ዳር ይከምረዋል። የተከመረው ውሃ በቀጭን መስመር ወደ ውስጥ ይመለሳል። ሞገድ የማይሰበርበት፣ ጸጥ ያለ የሚመስለው መስመር ብዙ ጊዜ እርሱ ነው፤ ለዋና የሚመረጠውም፣ የሚያሳዝነው፣ ያው ነው።

በዚህ ጅረት የተያዘ ሰው ፊት ለፊት አይታገለው። በጀርባ መንሳፈፍ፣ ከዚያም ከጠረፉ ጎን ለጎን ዋኝቶ ከመስመሩ መውጣት ይገባል። የሚሰጥም ሰው እንደ ፊልም አይጮኽም፤ አፉ ከውሃው በላይ የሚቆየው ለትንፋሽ እንኳ አይበቃውም። ዋና የማይችል ጓደኛ ተከትሎ አይግባ፤ ክዳኑ የተዘጋ ባዶ ጀሪካን ወይም ገመድ ይወርውር። የወጣው ሰው የማይተነፍስ ከሆነ ውሃ ለማስወጣት ሆዱን መጫን ጊዜ ማባከን ነው። አንጎል ያለ ኦክስጂን ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይቆያል። በቅድሚያ በአፍ ትንፋሽ መስጠት፣ ቀጥሎ ደረቱን 30 ጊዜ መጫን፣ 2 ጊዜ መተንፈስ፣ ሳያቋርጡ መደጋገም። ሌላው ሰው በዚያው ቅጽበት በ 998 አምቡላንስ ይጥራ።