ከተከላችሁት ዛፍ ማን በላ?

 

ዛሬ ጉስል አድርጋችሁ፣ ንጹሕ ልብስ ለብሳችሁ፣ ሽቶ ነካ አድርጋችሁ ወደ መስጂድ ስትሄዱ በሩ አጠገብ መፋቂያ የሚሸጥ ልጅ አይጠፋም። አንዷን ትገዛላችሁ፣ ትፍቃላችሁ፣ ሱና ነውና አጅር ታገኛላችሁ ኢንሻአላህ። መፋቂያዋ ከምን ዛፍ እንደተቆረጠች ግን ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ባለፈው ጁምዓ እኔ ጠየቅሁ። «ወይራ ነው» አለኝ ልጁ። ከየት እንደመጣ ስጠይቀው «እኔ ከነጋዴ ነው የምረከበው» አለኝ። እውነቱን ነው፤ እኔም እሱም የምናውቀው ገበያውን እንጂ ዛፉን አይደለም።

ወይራ የደጋችን ዛፍ ነው። አላህ ሱብሐነሁ ወተዓላ በሱረቱ ኑር የተባረከ ዛፍ አድርጎ የጠቀሰው የዘይቱን የዱር ዘመድ ነው። የእኛው ፍሬው ትንሽ ስለሆነ ዘይት አይጨመቅበትም፤ ወፎች ግን ይበሉታል፣ ፍሬውንም ይዘው ሄደው ሌላ ቦታ ይዘሩታል። ይህችን «ወፎች ይበሉታል» የምትለዋን ነገር ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

የምንኖርበትን ክፍለ ከተማ ስም እንይ። «ንፋስ ስልክ» ያለ ሽቦ መልእክት ከሚያስተላልፈው መሣሪያ የመጣ ስም ነው፤ እሱን እንተወው። ላፍቶ ግን በኦሮምኛ ግራር ማለት ነው። መካኒሳ ደግሞ ብሳና ነው። ከዚህ ወጥታችሁ ፒያሳ ብትደርሱ የጊዮርጊስ አካባቢ የድሮ ስሙ ቢርቢርሳ ነበር፤ ዝግባ ማለት ነው። የቀደሙት ሰዎች ቦታውን የጠሩት ቆመው በሚያዩት ነገር ነበር። ዛሬ መካኒሳ ላይ ታክሲ እየጠበቃችሁ ዙሪያችሁን ብታዩ ስንት ብሳና ትቆጥራላችሁ? ፈጽሞ የለም አልልም፤ በአንዳንድ ግቢና በወንዙ ዳር ቀርቷል። ብዙዎቻችን ግን ብናየውም አናውቀውም። ቅጠሉ ሰፊ ነው፣ የልብ ቅርጽ አለው፤ ሊረግፍ ሲል ብርቱካናማ ይሆናል። አበባው ለንብ ምግብ ነው። ይህን የጻፍኩት እንድትፈልጉት ነው።

በሱረቱል በቀራ አላህ በምድር ላይ ኸሊፋ እንደሚያደርግ ለመላእክት ሲነግራቸው እነሱ ስለ ፈሳድ ጠየቁ፤ ወዲያው ተከትሎ ለአደም ስሞችን ሁሉ እንዳስተማረው ተነገረን። ስሞቹን ማወቅና ምድርን በአደራ መቀበል በአንድ ቦታ ነው የተነሱት። እኛ ስሙን ይዘን ባለስሙን ጥለናል።

ይህ የሆነው በአንድ ቀን አይደለም፤ ሰውም ስለከፋ ብቻ አይደለም። ከተማ እንጨት ይበላል። ቤት ይሠራበታል፣ እንጀራ ይጋገርበታል። አዲስ አበባ በተቆረቆረች በጥቂት ዓመታት ውስጥ በእንጦጦና በዙሪያው የነበረው ደን ከማለቁ የተነሳ፣ እ.ኤ.አ. በ1900 ገደማ ምኒልክ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከማሰብ ደርሰው ነበር። ከተማዋን እዚሁ ያስቀራት ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። በፍጥነት ያድጋል፣ ተቆርጦም ያቆጠቁጣል። ባሕር ዛፍን መርገም ፋሽን ሆኗል፤ እኔ አልረግመውም። የስንቱን እናት ምጣድ አስምቷል፣ የስንቱን ቤት ግድግዳ አቁሟል። ነገር ግን ከባሕር ዛፍ ጫካ ሥር ቆማችሁ ወደ ላይ ብትመለከቱ ፍሬ ፈልጎ የመጣ ወፍ አታዩም። ንብ ከአበባው ትቀስማለች፤ ከዚያ በቀር ለአገራችን እንስሳት የሚበላ ነገር እምብዛም የለውም።

አሁን ወደያዝነው ነገር እንመለስ። ቡኻሪና ሙስሊም ከአነስ (ረ.ዐ) የዘገቡትን ሐዲሥ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አንድ ሙስሊም ተክል ተክሎ ወይም ዘር ዘርቶ ወፍ፣ ሰው ወይም እንስሳ ከበላለት ለእሱ ሰደቃ እንደሚሆንለት ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረዋል። ከጃቢር (ረ.ዐ) በተላለፈውና ሙስሊም በዘገበው ላይ ደግሞ የተሰረቀው እንኳ ሳይቀር ሰደቃ ነው። ይህን የተናገሩት በአንዲት የአንሷር ሴት የተምር ማሳ ውስጥ ሆነው ነው፤ ማሳውን ማን እንደተከለው ከጠየቁ በኋላ። ልብ በሉ፤ ቆመው የሚናገሩት ባደገና በሚያፈራ ዛፍ ሥር ነው።

ክረምት በመጣ ቁጥር ይህ ሐዲሥ በየባነሩ ላይ ይጻፋል። በደንብ እናንብበው። ሰደቃው የተያያዘው ከመበላቱ ጋር ነው። ለኒያም አጅር አለው፤ የአላህ ችሮታ ሰፊ ነው። ይህ ሐዲሥ የሚነግረን ግን በየዕለቱ እየተጨመረ ስለሚሄደው፣ እኛ ተኝተን እንኳ ስለሚጻፍልን ነው። እሱ የሚጀምረው ችግኙ ኖሮ፣ አድጎ፣ አንድ ፍጡር አፉን ሲያደርግበት ነው። በኅዳር የደረቀ ችግኝ ወፍ አታርፍበትም።

«ቂያማ ሲቆም እንኳ በእጃችሁ ችግኝ ካለ ትከሉት ተብሏል፤ ውጤቱ የእኛ ጉዳይ አይደለም» የሚል ወንድም ይኖራል። ልክ ነህ፣ ሐዲሡ አለ። ግን ያ የተነገረው ነገ ለሌለው ሰው ነው። አንተ ነገ አለህ። ጥቅምት አለህ፣ ጥር አለህ፣ አንድ ጀሪካን ውሃም አለህ።

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ታወጀ። ብዙዎቻችን ወጥተን ተክለናል፤ መልካም ሥራ ነው። ከዚያ ወዲህ ስለ ዛፍ ስናወራ ቁጥሩ ቀድሞ አፋችን ላይ ይመጣል። የደን ቁጥርም የራሱ ጉዳይ አለው። በአገራችን ደን የሚባለው ቢያንስ ግማሽ ሄክታር ስፋት ያለው፣ ዛፎቹ 2 ሜትርና ከዚያ በላይ የሆኑ፣ ቅርንጫፋቸውም የመሬቱን 20 በመቶ የሚሸፍን ቦታ ነው። በዚህ ልኬት የኢትዮጵያ የደን ሽፋን ቀደም ሲል 15.5 በመቶ ተብሎ ተመዝግቦ ነበር። ልኬቱ ግን የባሕር ዛፍ ማሳን ከተፈጥሮ ደን አይለይም። ጉሬዛ ግን ይለያል።

ጉሬዛ ማየት የሚፈልግ ወደ መናገሻ ሱባ ይሂድ፤ ከከተማችን በስተምዕራብ፣ በወጨጫ ተራራ ላይ ነው። ትልልቅ ጥድ፣ ዝግባና ወይራ ያለበት ደን ነው፤ የምኒልክ ድኩላም አለበት። በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ዘር ከሌላ ቦታ አስመጥተው አስተከሉት ይባላል፤ ይህ ከሆነ ከአምስት መቶ ዓመት በላይ ተጠብቆ የቆየ አደራ ነው። ለእኛ ለንፋስ ስልክ ሰዎች ወጨጫ ሩቅ ተራራ አይደለም። ትንሹ አቃቂ ከወጨጫ ጎን ይነሳና በመካኒሳ አድርጎ በእኛው ሰፈር ያልፋል፤ መጨረሻው አባ ሳሙኤል ግድብ ነው። ከላይ ዛፍ ሲኖር ዝናቡ ቀስ ብሎ መሬት ውስጥ ይገባና በበጋ ምንጭ ሆኖ ይወጣል። ዛፉ ሲጠፋ ያው ዝናብ አፈሩን ይዞ በአንድ ጊዜ ይወርዳል። በሐምሌ ከወንዙ ዳር ያሉ ወንድሞቻችን በር ላይ የሚደርሰው ጎርፍ፣ ግድቡንም የሚሞላው ደለል ከዚህ ነው የሚጀምረው። የከተማው አስፋልትና የእኛ ቆሻሻ ደግሞ የቀረውን ይሠራሉ።

ይህ ነገር መጨረሻው የት እንደሚደርስ ማየት የፈለገ ደሴት ይመልከት፤ ደሴት ላይ ደን ሲያልቅ ሌላ መሄጃ የለምና። በሕንድ ውቅያኖስ ውስጥ ኮሞሮስ የምትባል የደሴቶች አገር አለች። ሕዝቧ ሙስሊም ነው ማለት ይቻላል፤ መዝሀባቸውም እንደ ብዙዎቻችን ሻፊዒይ ነው። ከደሴቶቿ አንዷ አንጁዋን ናት፤ ትንሽ፣ ገደላማ፣ ሰው የበዛባት። ደኑ ለእርሻና ለማገዶ ተመነጠረ። ማገዶው ምግብ ለማብሰል ብቻ አልነበረም፤ ኢላንግ ኢላንግ የሚባል አበባ አላቸው፣ ዘይቱ በዓለም ታዋቂ ሽቶዎች ውስጥ ይገባል፤ እሱን ለማጣራት እንጨት ይነድዳል። ዛሬ ጠዋት ነካ ያደረጋችሁት ሽቶ ከዚያ የመጣ ነው እያልኩ አይደለም፤ ሊሆን ግን ይችላል። በአንጁዋን ዓመቱን ሙሉ ይፈሱ የነበሩ ብዙ ወንዞች አሁን በበጋ ይደርቃሉ። ባሕር የከበባቸው ሰዎች ለውዱእ የሚሆን ጣፋጭ ውሃ መፈለግ ያዙ።

በአንጁዋንና በጎረቤቷ ሞሄሊ ብቻ፣ በዓለም ላይ ሌላ የትም የማይገኝ ትልቅ የሌሊት ወፍ አለ። ክንፉን ሲዘረጋ ከአንድ ሜትር ይበልጣል። ፍሬ ይበላል፤ እየበረረም ዘሩን በየገደሉ ይጥላል። ማንም ሰው ሊተክልበት የማይችለው ቦታ ላይ ደኑን መልሶ የሚዘራው እሱ ነበር። አሁን ግን ሊጠፉ ከተቃረቡት እንስሳት አንዱ ነው። ዛፉ ሲያልቅ በላተኛው አለቀ፣ በላተኛው ሲያልቅ ዘሪው አለቀ። «ወፍ ከበላለት» የሚለውን ቃል ከዚህ ወዲህ እንደ ትንሽ ነገር አላየውም።

እዚህ ላይ ግን ልብ የሚነካ ጥያቄ አለ። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው ጎንበስ ብለው የሚወርዱትን እናቶች «አትቁረጡ» ብለን እናባርራቸው? ዲናችን ለዚህ መልስ አለው። መካ በተከፈተች ጊዜ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የሐረሙ ዛፍና ሣር እንዳይቆረጥ ሲያውጁ፣ አጎታቸው ዐባስ (ረ.ዐ) ኢዝኺር የሚባለው ሣር ለቤት ክዳንና ለቀጥቃጮች እንደሚያስፈልግ አነሱ፤ እሳቸውም ኢዝኺርን ለዩት። የሐረም ሕግ ውስጥ እንኳ የሰው ጉዳይ ቦታ አገኘ። መዲና ላይ ታሞ መካን የናፈቀው የእኛው ቢላል (ረ.ዐ) በናፍቆቱ ስሙን የጠራው ይህንኑ ሣር ነበር።

ዑመር (ረ.ዐ) ደግሞ የተከለለ የግጦሽ መሬት፣ ሒማ፣ ነበራቸው፤ ሁነይ የሚባል ጠባቂ ሾሙለት። ቡኻሪ እንደዘገበው የተበዳይን ዱዓ እንዲፈራ አስጠነቀቁት። ጥቂት ግመልና ጥቂት በግ ያለውን እንዲያስገባ፣ የእነ ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍንና የእነ ዑሥማን ኢብኑ ዐፋንን ከብት ግን እንዳያስገባ አዘዙት። ሁለቱም ታላላቅ ሰሃቦች ናቸው፤ ነገር ግን ሀብታሞች ናቸው፣ ከብታቸው ቢያልቅ ወደ ተምራቸውና ወደ እርሻቸው ይመለሳሉ። ድሃው ግን የሚመለስበት የለውም። አረንጓዴ ቦታ ሲታጠር የመጀመሪያው ጥያቄ «በሩ ለማን ነው የተዘጋው?» መሆን አለበት። ለድሃ ተዘግቶ ለመኪና ማቆሚያ ከተከፈተ ሒማ አይደለም።

እንግዲህ በዚህ ክረምት ምን እናድርግ? ብዙ አትትከሉ። አንድ። የጀሞ ኮንዶሚኒየም ነዋሪ ከሆናችሁና መሬት ከሌላችሁ አራት አምስት ጎረቤት ሆናችሁ አንድ። ስትመርጡ የሚበላውን አስቡ፤ ወይራ፣ ብሳና፣ ኮሽም፣ ቦታ ካለ ዝግባ። ሾላ ለወፍ ድግስ ነው፤ ክንፏ ጥቁር የሆነች፣ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ የማትገኝ ትንሽ አረንጓዴ በቀቀን ፍሬውን ትወደዋለች። ሥሩ ግን ጉልበተኛ ስለሆነ ከግድግዳ አርቁት። ስትተክሉ የችግኙን ፕላስቲክ አውልቁ፤ ከነፕላስቲኩ የሚቀብር ሰው ስንት ጊዜ እንዳየሁ አልነግራችሁም። በመስከረም ዝናቡ ይሄዳል፤ ፈተናው የሚጀምረው ያኔ ነው።

ውሃው ከየት ይምጣ ካላችሁ፣ መስጂዳችን ውስጥ አለ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ ሙድ ውሃ፣ ከአንድ ሊትር ባነሰ፣ ውዱእ ያደርጉ ነበር። እኛ ቧንቧውን ከፍተን እጅጌ እስክንሰበስብ ድረስ ያን ያህሉ ሄዷል። የሄደው ውሃ ግን ነጃሳ አይደለም። ውዱእ የተደረገበት ውሃ በሻፊዒዮችም፣ በሐነፊዮች ዘንድ በሚሠራበት አቋምም ንጹሕ ነው፤ ዳግመኛ ውዱእ ባይደረግበትም ችግኝ ይጠጣዋል። በየቀኑ አምስት ጊዜ፣ በጁምዓ ደግሞ በብዙ መቶ ሰው የሚፈስ ውሃ ነው። ከመጸዳጃው ፍሳሽ ጋር የሚቀላቀል ከሆነ መጀመሪያ መለየት ያስፈልጋል። ዛሬ ከሰላት በኋላ ከመስጂዱ ኮሚቴ አንዱን ያዙና የውዱእ ውሃው የት እንደሚሄድ አብራችሁ እዩት። ወደ ግቢው ጥግ ለማዞር አንድ ቱቦና የጥቂት ወጣቶች ግማሽ ቀን ሳይበቃው አይቀርም።