ስለ አስተሥርዮ ጾምና ስለ ወንድም ዕርቅ

ወዳጄ አንባቢ ሆይ፥ በኦሪት ዘሌዋውያን በ16ኛው ምዕራፍ የታዘዘውን የአስተሥርዮ ቀን ታውቀው ይሆናል። በሰባተኛው ወር በ10ኛው ቀን አይሁድ ከማታ እስከ ማታ ከእህልና ከውሃ ተለይተው ነፍሳቸውን ያዋርዳሉ። በአገራችንም በወገራና በደምቢያ ይኖሩ የነበሩ ቤተ እስራኤል ይህን ቀን አስተሥርዮ ብለው ይጾሙት ነበር። ከዚያም 50 ቀን ቆጥረው፥ ቄሶቻቸው ኦሪትን ይዘው፥ ሕዝቡም ድንጋይ ተሸክሞ ወደ ተራራ እየወጡ በጾምና በንስሓ ሰግድን ያከብሩ ነበር። ወደ እስራኤል አገር ከሄዱም በኋላ አልተዉትም፤ በ2000 ዓ.ም. የዚያ አገር ምክር ቤት ሰግድን በሕግ በዓል አደረገው።

ይህ ጾም ከምን መጣ? መጽሐፈ ኩፋሌ ሲናገር፥ የዮሴፍ ወንድሞች ልብሱን በፍየል ደም ነክረው አባታቸውን ያስለቀሱበት ቀን ይኸው 10ኛው ቀን ነው ይላል። እንግዲህ ተመልከት፤ በጾሙ ሥር ያለው የተሸጠ ወንድም ነው። የአይሁድ መምህራንም በሚሽና፥ ሰው በባልንጀራው ላይ የሠራውን ኀጢአት ባልንጀራውን እስኪያስታርቅ ድረስ ያ ቀን አያስተሰርይለትም ብለው አስተማሩ። ጌታችንም መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ አስቀድመህ ከወንድምህ ታረቅ ማለቱን ከማቴዎስ በ5ኛው ምዕራፍ ታገኛለህ። ማስተስረያችን ክርስቶስ ነው ብለን የምናምን እኛ ከዚህ ነጻ ወጥተናልን? በጾም ወተት አልቀመስሁም የሚል ሰው በሚሸጠው ወተት ላይ ውሃ ቢጨምር፥ ጾመ ልንለው እንችላለንን?

በሰበታ፥ በቡራዩና በሱሉልታ የምትኖሩ ሆይ፥ ይህን የምጽፈው እንደ ጻድቅ ሆኜ አይደለም። እኔ በሰበታ ቤት ሳሠራ ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እየጾምሁ የአንድ ግንበኛ የሦስት ቀን ዋጋ ከለከልሁ፤ ግንቡ ጠማማ ነው ብዬ አመካኘሁ፤ ግንቡ ግን ቀጥ ያለ ነበር። ኋላ ኢሳይያስን በ58ኛው ምዕራፍ አነበብሁ፤ እየጾሙ ሠራተኞቻቸውን የሚያስጨንቁትን የሚገሥጸው ነው። አይሁድም በዚያው በጾማቸው ቀን ጧት በምኵራብ ያነቡታል።

ገንዘቡን ይዤ ሰውየውን ፈለግሁት። ወደ ቡራዩ ሄዷል አሉኝ፤ በቡራዩም ሱሉልታ ነው አሉኝ፤ በመጨረሻ በሱሉልታ ገበያ አገኘሁት። ይቅር በለኝ ብዬ በፊቱ ቆምሁ። ገንዘቡን ቆጥሮ ተቀበለና፥ «እግዚአብሔር ይፍታህ፤ ያን ሳምንት ግን የጾሙት ልጆቼ ነበሩ» አለኝ።