ስለ ቅምቦና ስለ ቢራቢሮ

የሥነ ፍጥረት ትምህርት እንደሚያስረዳን ዕፅዋት በዕለተ ማክሰኞ፣ በክንፍ የሚበሩት ደግሞ በዕለተ ሐሙስ ተፈጠሩ። የዕለታቸው መለያየት ግን ኑሯቸውን አልለያየውም፤ ይህንም በአንድ ተክልና በአንዲት ቢራቢሮ እንመለከታለን።

ተክሉ ቅምቦ፣ በሌላ ስሙ ጦቢያው ነው። ከጅጅጋ በስተሰሜን እንደ አውበሬ ወረዳ ባለው ደረቅ አገር፣ በሌላውም ቆላችን ይበቅላል። አበባው ነጭ ሆኖ ጫፉ ሐምራዊ ነው። ቅጠሉ ሲቆረጥ የሚፈሰው ወተት ግን መራራና መርዛም ነው፤ ዓይንን ቢነካ ክፉኛ ያቃጥላል።

ቢራቢሮዪቱ ስዊድናዊው ሊኔዎስ በ1758 እ.ኤ.አ. የመዘገባት ዳናኡስ ክሪሲፑስ ናት። ክንፏ ብርቱካንማ፣ ጫፉ ጥቁር ሆኖ በነጭ ነጠብጣብ ያጌጠ ነው። ዕንቁላሏን በቅምቦና በዘመዶቹ ቅጠል ላይ ትጥላለች፤ የሚፈለፈለውም ትል ሌላው የሚሸሸውን ቅጠል በልቶ ያድጋል፤ ከመርዙም በሰውነቱ ያኖራል። ክንፍ ካወጣችም በኋላ መራራነቱ አይለያትም። ስለዚህ አንድ ጊዜ የቀመሳት ወፍ ዳግመኛ መልኳን ሲያይ ይተዋታል።

ሁለቱን ብናነጻጽር፣ ቅምቦ ተተክሎ ይኖራል፣ እርሷ ትበራለች፤ ነገር ግን የቅምቦም ዘር ሐር በመሰለ ጠጉሩ በነፋስ ይበራል፤ እርሷም አስቀድማ በቅጠል ላይ ትሳባለች። ዋናው ልዩነት ምንድን ነው ቢሉ፣ ቅምቦ መራራነቱን ከባሕርዩ አገኘው፤ እርሷ ግን በመብላት አገኘችው።

ሂፖሊምናስ ሚሲፑስ የምትባል ሌላ ቢራቢሮም አለች። ሴቲቱ የፊተኛዪቱን መልክ እጅግ ትመስላለች፤ ትሏ ግን የቅምቦን ቅጠል አይበላም። ወፎችም በመልኳ ተታለው ይተዋታል። ይሁን እንጂ አስመሳዮቹ የበዙ እንደ ሆነ፣ ወፍ ይዞ ሲቀምሳቸው መራራነት ያጣባቸዋል፤ መልኩንም መፍራት ይተዋል። ያን ጊዜ እውነተኛዪቱ በሐሰተኛዪቱ ምክንያት ትነከሳለች።

እኛም ካህናት ጥምጣም ጠምጥመን፣ መስቀል ይዘን፣ የጾሙንና የትምህርቱን ምሬት ሳንቀምስ ብንቀር፣ ጉዳቱ በእኛ ብቻ አይቀርም። ሕዝቡ ልብሱን መናቅ ይለምዳል፤ በበዓቱ የሚደክመውም እውነተኛ መነኩሴ አብሮን ይናቃል። እንግዲህ ልብሱን ከመልበስ አስቀድሞ ቅጠሉን መብላት ይገባናል።