ከሥዕሉ እስከ እሳቱ

ሃይማኖት በተነካበት ቦታ ሁሉ ወዲያው እሳት ይነሣል ብለን ብዙዎቻችን እናስባለን። ነገሩን ቀረብ ብለን ስንመረምረው ግን እንዲህ ቀላል ሆኖ አናገኘውም።

ዩላንድስ ፖስተን የተባለው የዴንማርክ ጋዜጣ ስለ ነቢዩ መሐመድ የተሣሉ 12 የካርቱን ሥዕሎችን ያወጣው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 30 ቀን 2005 ነበር። በደማስቆ የዴንማርክና የኖርዌይ ኤምባሲዎች የተቃጠሉት ግን ፌብሩዋሪ 4 ቀን 2006 ነው። በመካከሉ አራት ወር አለ። እንዲያውም በኦክቶበር፣ በረመዳን ጾም፣ አል ፈጅር የተባለ የግብጽ ጋዜጣ ድርጊቱን እየነቀፈ ከሥዕሎቹ አንዳንዶቹን አትሞ ነበር፤ በካይሮ ግን በዚህ ምክንያት ሁከት አልተነሣም።

ታዲያ በእነዚያ ወራት ምን ተደረገ? የሙስሊም አገሮች 11 ዲፕሎማቶች የዴንማርክን ጠቅላይ ሚኒስትር ለማነጋገር ጠየቁ፤ እርሳቸውም መንግሥት በጋዜጣ ላይ ሥልጣን የለውም ብለው ሳይቀበሏቸው ቀሩ። ስለ ጋዜጣው የተናገሩት እውነት ነው፤ ያዘነን ሰው ተቀብሎ መስማት ግን የማንንም ነጻነት የሚቀንስ አይመስለንም። በዲሴምበር በዴንማርክ የሚኖሩ ኢማሞች ወደ መካከለኛው ምሥራቅ ሄደው ባሳዩት ጥራዝ ውስጥ፣ ጋዜጣው ጨርሶ ያላወጣቸው ይበልጥ አስጸያፊ ሥዕሎች ተጨምረው ነበር። በጃንዋሪ ደግሞ ማጋዚኔት የተባለ የኖርዌይ ክርስቲያናዊ ጋዜጣ ካርቱኖቹን እንደገና አተመ። ደማስቆም ያለ መንግሥት ፈቃድ ሰልፍ የማይወጣባት ከተማ ነበረች።

ዋጋውን የከፈሉት ግን ሥዕሉን አይተውት የማያውቁ ሰዎች ናቸው። ፌብሩዋሪ 18 ቀን በሰሜን ናይጄሪያ፣ በማይዱጉሪ ከተማ፣ ክርስቲያኖች ተገደሉ፤ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ። ጥቂት ቀናት ቆይቶ በደቡብ፣ በኦኒትሻ፣ ከሰሜን የመጣውን ሬሳ ያየ ሕዝብ ሙስሊሞችን ገደለ፤ መስጊዶችን አቃጠለ። ይህ በክርስቲያን ስም የሚጠራ ሕዝብ መሆኑን ልንሸሽገው አይገባንም። በዚያ ወራት ፕሬዚዳንቱ ለሦስተኛ ጊዜ ይመረጡ አይመረጡ የሚለው ክርክር አገሪቱን አስጨንቋት ነበርና፣ ቁጣው ሁሉ ከዴንማርክ የመጣ ነው ለማለት ይከብደናል። በሐዋርያት ሥራ 19 በኤፌሶን ከጮኸው ሕዝብ የሚበዛው የመጣበትን ምክንያት አያውቅም ነበር፤ ብር ሠሪው ድሜጥሮስ ግን ንግዱ እንደ ተነካበት አሳምሮ ያውቅ ነበር።

የማጋዚኔት አዘጋጅ ፌብሩዋሪ 10 ቀን 2006 በኦስሎ ከሙስሊሞች መሪ ጋር ተገናኝተው ስላደረሱባቸው ሐዘን ይቅርታ ጠየቁ፤ መሪውም በሕዝብ ፊት እጃቸውን ጨበጡ። የማተም መብታቸውን የወሰደባቸው ማንም የለም።

በፕሮጀክት ጣቢያ የምታገለግሉ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፤ በአካባቢያችሁ እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሣ ማን በዓይኑ አየው፣ ማን አመጣው፣ ዛሬ መነሣቱስ ለማን ይጠቅማል ብላችሁ ጠይቁ። በጉባኤያችሁም ይህን ተወያዩበት፦ ወሬው ሌሊት ቢደርሰን፣ ሳይነጋ ቤታቸው ሄደን የምናነጋግራቸው የመስጊድ ሽማግሌ አሉን?